የሩዝ ገለፈት፦ ከእሳቱ በፊት አሲዱ ይቅደም

ሰላም ወንድሜ። የሩዝ ገለፈት እንደ ልብ አገኛለሁ፣ ሲሊከን አውጥቼ ርካሽ የሶላር ሴል ልሠራበት እፈልጋለሁ፣ ምድጃው ስንት ዲግሪ ይሁን ብለህ ጠይቀሃል። ከዲግሪው የሚቀድም ነገር አለ። ብዙ ሰው ገለፈቱን መጀመሪያ ያቃጥልና አመዱን በኋላ በአሲድ አጥባለሁ ይላል። ልፋቱን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

1. አሲዱ መጀመሪያ። 100 ግራም ገለፈት ሲቃጠል 20 ግራም ያህል አመድ ይተዋል፤ ከአመዱ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ፣ ማለትም ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ነገር ነው። ችግሩ ያለው በቀረው ውስጥ ነው፣ በተለይ በፖታሲየሙ። ፖታሲየም ሲሊካውን ከተለመደው በታች በሆነ ሙቀት እንዲለሰልስ ያደርገዋል። የቅንጣቱ ገጽ እንደ መስታወት ይደፈንና ገና ያልተቃጠለው ካርቦን ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሙቀት ብትጨምር ጥቁሩ ነጥብ አይለቅም፣ አሲድ ብታፈስበትም አይደርስበትም።

ስለዚህ ገለፈቱን ከአፈርና ከአቧራ በውሃ አጽዳው። ለ100 ግራም ገለፈት አንድ ሊትር ተኩል ባለ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል (ሞላር ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንዳለ የሚለካበት ነው)። ከ37 በመቶው አሲድ 83 ሚሊ ሊትር ወስደህ ውሃው ላይ እየጨመርክ አንድ ሊትር ስትሞላው 1 ሞላር ይሆናል። ውሃውን አሲዱ ላይ እንዳትጨምር። በመስታወት ዕቃ፣ በ90 ዲግሪ ገደማ፣ ለሁለት ሰዓት ይቆይ። በብረት ድስት ከቀቀልከው አሲዱ ብረቱን በልቶ ወደ ሲሊካህ ያስገባዋል፤ አመዱ ሮዝ ወይም ቡናማ ቀለም ካሳየህ ብረት ገብቷል ማለት ነው። እጥበቱ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይሁን፣ አሲድነትን የሚለካው የፒኤች ወረቀት 6 ወይም 7 እስኪያሳይ። የቧንቧ ውሃ ያወጣኸውን ካልሲየም መልሶ ያስገባል።

2. ማቃጠሉ። በ110 ዲግሪ አድርቀህ፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ዘርግተህ፣ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመርክ ወደ 650 አድርሰው፣ እዚያ አራት ሰዓት አቆየው። አየር እንደ ልብ ይግባ። ሲወጣ በረዶ የመሰለ ነጭ መሆን አለበት። ከ800 በላይ አትውጣ፤ ሲሊካው ወደ ክሪስታል መለወጥ ይጀምራል። ክሪስታሉ ለሚቀጥለው ሥራ አስቸጋሪ ነው፣ ብናኙ ደግሞ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ሳታጥበው ያቃጠልከው ጥቁር አመድ በእጅህ ካለ አትጣለው። 10 ግራሙን በ80 ሚሊ ሊትር ባለ 2.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ሦስት ሰዓት ቀቅለው፣ ካርቦኑን አጥልለህ አስቀር፣ ፈሳሹን አሲድ በጠብታ እየጨመርክ ፒኤቹን ወደ 7 አውርደው። ሲሊካው እንደ ጄል ይረጋል። ሶዲየሙን ለማስወጣት ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው።

3. ማግኒዚየሙ። ከሲሊካው ጋር ተደባልቆ ሲሞቅ ኦክስጅኑን ወስዶ ሲሊከኑን የሚያስቀርልህ ማግኒዚየም ነው። እዚህ ላይ እባክህ ተጠንቀቅ። ለ10 ግራም ሲሊካ የሚገባው 8.1 ግራም ማግኒዚየም ነው። «ትንሽ ይትረፍ» ብሎ መጨመር የተለመደ ምክር ነው፣ አደገኛም ነው። የተረፈው ማግኒዚየም ከተገኘው ሲሊከን ጋር ማግኒዚየም ሲሊሳይድ ይሠራል፤ ያ ደግሞ አሲድ ሲነካው ሲሌን የሚባል፣ አየር እንዳገኘ በራሱ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃል። በሚገባ ካልተደባለቀም መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ አንዱ ጥግ ላይ ያው ነገር ይፈጠራል።

ሌላው አደጋ ድብልቁ ሲሞቅ ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ነው። ምድጃው 650 ቢያሳይም ውስጡ እጅግ ይግላል፣ ሲሊከኑንም ሊያቀልጠው ይችላል። ለ10 ግራም ሲሊካ 100 ግራም በደንብ የደረቀ ጨው አብረህ ደባልቅ፤ ጨው በ801 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ትርፉን ሙቀት ይወስደዋል። ጋዙ አርጎን ይሁን። ናይትሮጅን ይረክሳል፣ ነገር ግን ከማግኒዚየም ጋር ይዋሃዳል። በአርጎን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

ጨውን በውሃ ካወጣህ በኋላ 13.4 ግራም ያህል ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይጠብቅሃል፤ እሱን ለማሟሟት አንድ ሊትር ባለ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበቃል። ጭስ በሚስብ ሥፍራ፣ መጀመሪያ ከዱቄቱ ቁንጥጫ ብቻ አሲዱ ላይ ጣል። ብልጭ ካለ ወይም ከፈነዳ ሲሊሳይድ አለ፣ ሌላውን አትጨምር። ሰላም ከሆነ ጥቂት በጥቂት። የሚቀርህ ቡናማ ዱቄት ቢበዛ 4.7 ግራም ነው። ያልተለወጠውን ሲሊካ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አስወግድ የሚል መመሪያ ካገኘህ ተወው፤ ቆዳ ላይ ትንሽ እንኳ ብትፈስ አጥንት ድረስ ዘልቃ ልትገድል ትችላለች።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ዱቄት የሶላር ሴል አይሆንም። ለሴል የሚፈለገው ንጽሕና 99.9999 በመቶ ነው፤ ቦሮንና ፎስፈረስን ደግሞ አሲድ ብቻውን እስከዚያ አያወጣቸውም። ለባትሪ ምርምር ግን ይፈለጋል።

ሴል ከሆነ ዓላማህ፣ ከዚሁ ገለፈት ካርቦኑን ውሰድ። ብርሃንን በሲሊከን ፈንታ በቀለም የሚይዝ የሶላር ሴል አለ፤ ከቀለሙ ፊት ለፊት ያለው ተቃራኒ ኤሌክትሮድ ላይ ውድ ፕላቲነም ይቀባበታል፣ ካርቦን ይተካዋል። ገለፈቱን በናይትሮጅን ውስጥ በ900 ዲግሪ አንድ ሰዓት አክስለው። ሲሊካው ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በ2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ሰዓት ቀቅለህ አውጣው፣ እጠበው፣ አልመህ ፍጨው። አራት እጅ ካርቦን ከአንድ እጅ ግራፋይት ጋር ቀላቅለህ ማጣበቂያ ጨምርበት። ማጣበቂያው በበዛ ቁጥር መጣበቁ ይሻላል፣ ማስተላለፉ ይቀንሳል፤ ከ10 በመቶ ጀምረህ ሞክር። ሴሉ ላይ ከመቀባትህ በፊት በመልቲሜትር ለካው፣ ግን በተራ መስታወት ላይ ቀብተህ። ሴሉ የሚሠራበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን ያለው መስታወት ላይ ከለካኸው የምታነበው የመስታወቱን ነው፣ መጥፎው ካርቦን ጥሩ ይመስልሃል።