ጠንክሮ የሚይዝ፣ ሲፈለግ ግን የሚለቅ የስክሪን ሙጫ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ስክሪን ስቀይር ሙጫው ወይ በሳምንቱ ይለቃል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ስከፍተው አልላቀቅ ብሎ ስክሪኑን ይሰብርብኛል። ጠንካራ ሆኖ በንጽህና የሚነሳው የቱ ነው?» ነው ያልከው። አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ይህ ነገር እኔንም ብዙ ብር አስከፍሎኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

«ጠንካራ ሙጫ የቱ ነው?» ብለህ አትጀምር። «ይህን ስልክ ሌላ ቀን በምን ልከፍተው ነው?» ብለህ ጀምር። በሙቀት? በመጎተት? በአልኮል? የሙጫው ምርጫ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ይህን የተማርኩት ከጥፋቴ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ስክሪን ጥግ ጥጉን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከወራት በኋላ ሰውየው ባትሪ ሊያስቀይር ተመለሰ። ባሞቀው፣ በካርድ ብፈለቅቀው እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ደህናው ስክሪን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ክው ይላል፣ አይለጠጥም። ስልኩ ሲወድቅ ምቱን አያበርድም፣ በቀጥታ ለመስታወቱ ያቀብላል። ትነቱም ካሜራው ላይና ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። እባክህ ስክሪን አጠገብ አታድርሰው።

ሙጫ በንጽህና የሚነሳው እንዴት እንደሆነ የገባኝ እናቴ እንጀራ ስትጋግር እያየሁ ነው። በደንብ የበሰለ እንጀራ ጠርዙ ይነሳል፣ በሰፌድ ሲወጣም ምጣዱ ላይ ምንም አይቀርም። ያልበሰለው ግን ይቀደዳል። ግማሹ ከሰፌዱ ጋር ይሄዳል፣ ግማሹ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ሙጫም እንዲሁ ነው። እርስ በርሱ የተያያዘበት ኃይል መስታወቱን ከያዘበት ኃይል ከበለጠ አንድ ላይ ተላጦ ይወጣል። ካነሰ ግን ራሱ መሃል ለመሃል ይቀደድና ሁለቱም ፊት ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው አክሪሊክ የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ሙጫ የሚሠሩ ሰዎች ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚያስተሳስሯቸው። ማሰሪያው ሲበዛ ሙጫው ይደርቅና መስታወቱን በደንብ አይጨብጥም። ሲያንስ እንደ ማር ይለጠለጣል፣ ሲነሳም ይበጣጠሳል። ከባዱ ሥራ መሃሉን ማግኘት ነው።

እንጀራ ከጠርዝ እንደሚነሳ ሁሉ ስክሪንም ከጠርዝ ነው የሚጀመረው። ሙሉውን ወደ ላይ ብትስበው ሙጫው በሙሉ ስፋቱ ይታገልሃል። ከአንድ ጥግ ከጀመርክ ግን በየቅጽበቱ የምትታገለው ከአንዲት ቀጭን መስመር ጋር ብቻ ነው። ፍጥነትም ለውጥ አለው። እንዲህ ዓይነቱ ሙጫ ቶሎ ሲጎተት ይጠነክራል፣ በዝግታ ሲጎተት ይሸነፋል። እኔ ካየሁት ስብራት አብዛኛው የችኮላ ነው።

ባትሪ ሥር ያለውን የሚጎተት ፕላስተር ሳታውቀው አትቀርም። ጫፉን ይዘህ፣ ወደ ላይ ሳታነሳ፣ በዝግታ ስትስበው ይለጠጣል፣ ይቀጥናል፣ ከሁለቱም ፊት ራሱን እየላጠ ይወጣል። ባትሪውን ወደ ጎን ብትገፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ጥንካሬው ምንም አልተቀነሰም። የሚለቅበት አንድ መንገድ ብቻ ተዘጋጅቶለታል። ስሪ ኤም (3M) የተባለው ኩባንያ ኮማንድ የሚባሉትን የግድግዳ ማንጠልጠያዎች በ1996 ገበያ ላይ ያወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። አፕል ደግሞ በ2024 በወጣው አይፎን 16 ላይ ባትሪው በ9 ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲለቅ አደረገ። ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም በመርህ ደረጃ ከ2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው ባትሪ ይፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሥራው ወደዚህ እየሄደ መሆኑ እኛን ጠጋኞቹን ደስ ሊለን ይገባል።

መስታወት ብቻ መቀየር የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ያኛው ሙጫ ሌላ ነው። በመስታወቱና በማሳያው መካከል ያለው፣ ኦሲኤ (OCA) የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሙጫ፣ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲያልፍ 4 በመቶ ያህሉ ይመለሳል። ኦሲኤ ክፍተቱን ሞልቶ ያንን ያስቀራል። ማሳያው ኤልሲዲ (LCD) ከሆነ በማሞቂያ ሳህን ላይ አድርገህ በቀጭን ሽቦ ትቆርጠዋለህ። መብራት ከጠፋ ሽቦውን አቁም፣ በቀዘቀዘ ሙጫ ውስጥ እንዳታስገድደው። ኦሌድ (OLED) የሚባለው የማሳያ ዓይነት ግን ሙቀትም ሽቦም ይፈራል። ትልልቅ የጥገና ቤቶች ከዜሮ በታች ከመቶ ዲግሪ በላይ አቀዝቅዘው ነው የሚለዩት፣ ሙጫው በዚያ ብርድ ክው ብሎ ይላቀቃል። ዩቪ (UV) በሚባለው በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚደርቀውን ፈሳሽ ሙጫ እኔ ትቼዋለሁ። ብርሃኑ በጥቁሩ ጠርዝ ሥር አይገባም፣ እዚያ ያለው ሳይደርቅ ይቀርና ውሎ አድሮ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ላንተ ሥራ፣ ማለትም ስክሪኑን ከፍሬሙ ጋር ለማያያዝ፣ ለስልኩ ተቆርጦ የመጣ ጥቁር ፕላስተር ካገኘህ እሱን አስቀድም። ካጣህ ቢ 7000 (B-7000) የሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ይበቃሃል። ሲደርቅ እንደ ጎማ ነው፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቅሪቱም በጣት ተጠቅልሎ ይነሳል። በሳምንቱ የሚለቅብህ ግን ሙጫው ደካማ ስለሆነ አይመስለኝም፣ ፍሬሙ በደንብ ስላልጸዳ ይመስለኛል። የድሮውን ቅሪት ሙሉ በሙሉ አንሳ። ፍሬሙን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግና ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው፣ ሙጫውን ለማስለቀቅ የጣት ቅባት ብቻውን ይበቃል። ሙጫውን በቀጭኑ አስምር፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ግጠምና በላስቲክ አስረህ 24 ሰዓት ተወው። ደንበኛው «አሁኑኑ ስጠኝ» ሲል አትስማው። እኔ ነገ ና ነው የምለው።

ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ከተጣለ ስልክ ላይ ስክሪን ፈልግና በዚህ መንገድ ለጥፈው። በማግስቱ ጠርዙን ሞቅ አድርገህ፣ ከአንድ ጥግ ጀምረህ በዝግታ ክፈተው። ሙጫው የቀረው ፍሬሙ ላይ ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም ላይ፣ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። እሱን ካየሁ የት ጋ እንደሳትክ እነግርሃለሁ።