ልቤ ድው ድው ይላል፣ ኪሴ ደሞ ባዶ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር ጣና ዳር ዓሳ እየጠበስኩ ነው የምሸጠው። ከአምስት ወር ወዲህ ሌሊት ልቤ ድው ድው እያለ ያባንነኛል፣ ቀን ደሞ ዘይቱ ላይ ዓሳ ስጥል እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ የግል ሳይኮሎጂስት ጋ ደውዬ ዋጋውን ብሰማ የሁለት ቀን ትርፌ ነው፣ ያውም በየሳምንቱ ነይ ተባልኩ። ዘግቼ ብሄድ ልጆቼ ምን ይበላሉ? እናቴ ጠበል ሂጂ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ግሉን ለጊዜው ተይውና ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ የማህበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካለሽ ይዘሽው ሂጂ፣ መድኑ እኮ የመጣው ለገበሬውና እንዳንቺ የወር ደሞዝ ለሌለው ሰው ነው። እዛ ስትደርሺ "ልቤን ያመኛል" ብለሽ ብቻ ዝም እንዳትዪ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ይልና የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል (እኛ አገር በጨጓራ የማይሳበብ በሽታ የለም)። መባነኑን፣ ፍርሃቱን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሁሉንም ንገሪያቸው። ደም ማነስም እንቅርትም ልብ ያስመታል፣ መጀመሪያ እሱን ይዩልሽ፣ ከዛ አእምሮ ሕክምና ሪፈር ጻፉልኝ በያቸው። ያለ ሪፈር ቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ መድን እያለሽ ከኪስሽ ልትከፍዪ ነው።

እዛው ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አላቸው፣ ጥበበ ግዮን ግን ወደ አዴት መውጫ ስለሆነ ምርጫ ከሰጡሽ የትራንስፖርቱንም ነገር አስቢበት። ወረፋ ስለሚበዛ መድኃኒት ብቻ ጽፈው ሊሸኙሽ ይችላሉ፣ አትቀየሚ፣ ግን "የምክር አገልግሎትስ የለም ወይ" ብለሽ ጠይቂ። መድኃኒቱም ቢሆን አብዛኛው እስኪሰራ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፣ በአምስተኛው ቀን አልሰራም ብለሽ እንዳትጥዪው።

ወደ ግሉ መሄድሽ ካልቀረ ደሞ መልሰሽ ደውዪና በ15 ቀን አንዴ ይሁንልኝ፣ በስልክስ አይሆንም ወይ፣ ስንት ጊዜ ነው የምመጣው በዪ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባለው የምክር ዘዴ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ዕድሜ ልክሽን አትመላለሺም። በአንድ ቀን አድንሻለሁ የሚልሽን ግን ሽሺው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ረቡዕና አርብ ዓሳ ይፈለጋል፣ ቀጠሮሽን ሰኞ ወይ ማክሰኞ ጠዋት አስደርጊው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ገበያ ይለፍ ብለሽ ግን እንዳታዘገዪው። መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደሞ ሪፈርም ቀጠሮም ሳትዪ በዛው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጠበሉን ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ ብቻ። እናትሽንም ማክሰኞ ጠዋት መጥተው ምድጃው ላይ ይቁሙልኝ በያቸው።