ዊልቸር ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ በሳምባ ምች ተኝታ ከወጣች ወዲህ ከአልጋ ሶፋ፣ ከሶፋ አልጋ ሆናለች፤ እንዳትወድቅ ፈርተናል፤ ጥሩ ዊልቸር የት ይገኛል?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳይ የራሴን ቤት ነው ያየሁት። መቼም እናንተም ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ናችሁ፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ዊልቸሩን እኔ ገዝቼዋለሁ፤ ስለሱ እመጣበታለሁ።

1ኛ፦ በርጩማቸውን አትውሰዱባቸው። እናቴ (78 ናት) ሳትታመም በፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ ስትል ነበር የምትውለው፤ ቡና ልትቆላ፣ ሽንኩርት ልትልጥ፣ ከሰል ልታራግብ። ስንቴ እንደምትነሳ ማን ቆጥሮ! ሆስፒታል 11 ቀን ተኝታ ስትወጣ እኔ ብልጡ ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ በርጩማውን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ሰው የሚውጥ ሶፋ ገዛሁ። «እማዬ፣ ስንት ዘመን ለፋሽ፣ አሁን እረፊ!» እንክብካቤ መስሎኝ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ጤነኛ አዛውንቶችን እንኳ 10 ቀን አልጋ ላይ አውለው ሲለኩ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ሄዷል። እኔ ደግሞ ከ11 ቀኑ ላይ ሦስት ወር ጨመርኩበት። አንድ ማታ እግሯን ሳጥባት ባቷ በአንድ መዳፌ ተጠቀለለ። ያን ሶፋ ዛሬም ሳየው እናደዳለሁ፤ ዋጋውማ አይነሳ።

2ኛ፦ «ሰንፈው ነው» እንዳትሉ። እናቴ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ እንኳ አልወጣም ስትል «ጉልበቴን» ነበር የምትለን። እውነቱን ያወጣችው የቡና ጓደኛዋ ናት፦ ሽንት ያጣድፋታል፤ መንገድ ላይ ቢያመልጠኝስ ብላ ነው። ለኔ ለወንድ ልጇ እንዴት ትንገረኝ? ሌሊት እንዳትነሳ ብላም ከ10 ሰዓት በኋላ ውኃ አትቀምስም ነበር፤ ጠዋት ስትነሳ ያዞራታል። የደም ግፊቷን ሁሌ ቁጭ አድርገው ነበር የሚለኳት። አንድ ለጋ ሐኪም አስተኝቶ ለካ፣ አቁሞ ለካ፤ ላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወረደ። መድኃኒቷን እሱ አስተካከለላት፤ እናንተ በራሳችሁ እንዳትነኩ።

3ኛ፦ ሰው ፊት አታሳፍሯቸው። የጡረታዋን ጉዳይ ለመጨረስ «ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ» ተባልን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ጉዳዩን የያዘውን ልጅ «ወንድሜ፣ ታክሲ ውስጥ ናት፣ ሁለት ደቂቃ ወርደህ እያት» ብዬ ለመንኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አዝላችሁ አምጧት» አለኝ። አዘልኳት። ደረጃው ላይ ያለው ሰልፈኛ ግድግዳ እየተጠጋ ሲያሳልፈን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች፤ እስክንወርድ አላነሳችውም። ዊልቸሩን የገዛሁት በማግስቱ ነው፤ በንዴት። እሷ ግን አምስት ሳምንት ከበር አልወጣችም። ያ ልጅ እናት ይኖረው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን የሠራውን ልንገርሽ። ፊዚዮቴራፒስቷ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ናት) እናቴን እጇን ደረቷ ላይ አስጣምራ ከወንበር በ30 ሰከንድ ስንቴ እንደምትነሳ ቆጠረች፦ ሦስት። በሷ ዕድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ዝቅተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዛውንት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ የጉልበትና የሚዛን ልምምድ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ይላል፤ 150 ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኛ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ብለን ጀመርን፤ ጠንካራ ወንበር፣ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ። የራሴ እህት «በዚህ ዕድሜ ምን ጡንቻ ይወጣታል?» ትለኝ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ ደካሞችን 8 ሳምንት ክብደት አስነሥተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ዝም አለች።

ጾሙ ሌላ ጣጣ ነው። ምስርና ሽሮ ሳይቀንስ መብላት ይቻላል፣ እሷ ግን ሁለት ጉርሻ ብላ «ጠገብኩ» ነው። የንስሐ አባቷን ለመንኳቸው፤ እሳቸው «ብዪ፣ ተመገቢ፣ ጸሎትሽንም መቋሚያ ይዘሽ ቆመሽ አድርሺ» አሏት። እኔ ስድስት ወር ያልኩትን በአንድ ቀን ሰማች።

ለደረጃው ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ማረፊያ ፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥን። የብሎኩ ኮሚቴ መተላለፊያ ዘጋችሁ ብሎ አስነሣን። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ዕድሜ ይስጣት፣ በሯን ከፍታ ትጠብቃታለች፤ አሁን እንዲያውም እዚያ ቡና ጠጥታ ነው የምትወጣው።

ባለፈው ሳምንት በ30 ሰከንድ ስምንት ጊዜ ተነሣች። በርጩማውንም አስመልሼ ገዛሁት፤ ጎረቤቴ በነፃ አልመልስም አለኝ።

ዊልቸሩ በረንዳ ላይ ነው፣ ሽንኩርት ይሰጣበታል። እናትሽን በአካል ይቅረቡ የሚል ቢሮ ከገጠመሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ላውስሽ። የግራ ጎማው ተንፍሷል፣ ቀድመሽ አስነፊው።