የቀድሞ ጠበቃዬ የውሉን ሙሉ ክፍያ ጠየቀኝ፣ ልክፈል ወይ? ላልከው

ሙሉውን አትክፈል። ምንም አልከፍልም ብለህም በሩን አትዝጋ። ጠበቃ መሀል ላይ ከቀየርክ፣ ለቀድሞው በአብዛኛው የሚገባው እስካሰናበትከው ቀን ለሠራው ሥራ ነው። ግን ውሉ ስለ መቋረጥ የሚለው ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን አንብብ።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ዝርዝር ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቀው፤ ቀኑን፣ የሠራውን፣ የወሰደበትን ሰዓት። «ልዩ ልዩ አገልግሎት» የምትል አንድ መስመር ዝርዝር አይደለችም።

2. ከመዝገቡ ጋር አመሳክረው። ችሎት ቆሜያለሁ ባለበት ቀን ቀጠሮ ነበር? ቅድመ ክፍያህስ ተቀንሷል?

3. የምታምንበትን ክፈልና ደረሰኝ ያዝ። የቀረውን ለምን እንደማትቀበል በደብዳቤ ግለጽለት። ካልተስማማችሁ የጠበቆች ማኅበሩ የክፍያ ክርክር የሚያይ ክፍል እንዳለው ጠይቅ፤ ካለው ከፍርድ ቤት ይቀላል።

ክፍያው ከሚፈረድልህ ገንዘብ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ሁለቱም ድርሻዬ ሊሉ ይችላሉ። የሁለቱ ድምር ከስንት እንደማይበልጥ ከአዲሱ ጋር አሁኑኑ በጽሑፍ ተስማማ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርህ። እኔ ከቀድሞ ጠበቃዬ ጋር በሒሳብ ስጨቃጨቅ ፋይሌ እሱ ጋ ቀረ። የምከራከርበት ውል ዋናው ቅጂ እዚያ ውስጥ ነበር። አዲሷ ጠበቃዬ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው መልስ የጻፈችው። ጠበቃ እስኪከፈለው ፋይል መያዝ የሚችልበት አገር አለ፣ የማይችልበትም አለ። አንተ ግን የሒሳቡን ጭቅጭቅ ከፋይሉ ለየው። ሰነዶችህን አንድ በአንድ ቆጥረህ በፊርማ ተረከብ፣ ውክልናውንም በጽሑፍ ሻር።