በከባድ ወንጀል ተፈርዶብኝ ነበር፤ የግዛቱ ገዥ መብቴን መልሶልኛል፤ አሁን በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ሽጉጥ መግዛት እችላለሁ?

አይችሉም፤ ገና ነው። ገዥው የመለሰልዎት የመምረጥና የመመረጥን የመሰሉ የዜግነት መብቶችን ነው። ከከባድ ወንጀል ፍርድ በኋላ የጦር መሣሪያ መብት በቨርጂኒያ ለብቻው፣ በፍርድ ቤት ይጠየቃል።

1. በሚኖሩበት አካባቢ ላለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት (ከባድ ጉዳዮችን ለሚያየው የግዛቱ ፍርድ ቤት) አቤቱታ ያስገቡ። የገዥውን ውሳኔ ያያይዙ፤ ያለ እሱ ማመልከት አይቻልም።
2. ቅጂው ለዐቃቤ ሕጉ ይደርሳል፤ ሊቃወም ስለሚችል ተዘጋጅተው ይቅረቡ።

የተፈረደብዎት በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም።

እስከዚያው «እስኪ ልሞክር» ብለው ሱቅ አይግቡ፤ በግዢው ቅጽ ላይ ሐሰት መሙላት ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። መያዝም ስለሚያስከስስ፣ የሌላ ሰው ሽጉጥ እንኳ እንዳይኖር ቤትዎን ይፈትሹ። እንደ እርስዎ የተፈረደበት አንድ ወዳጄ የተከሰሰው በሚስቱ ሽጉጥ ነው፤ የተገኘው ሁለቱም በሚጠቀሙበት መሳቢያ ውስጥ ነበር።