ጂኦካቺንግ በቀደምት ሰፋሪዎች መካነ መቃብር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጂኦካቺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ ሌላ ሰው የሸሸገውን ትንሽ ዕቃ ፈልጎ ማግኘትና በውስጡ ባለው መዝገብ ላይ መፈረም ነው። ኮሎራዶ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ይህን ጨዋታ ከታሪካዊ መካነ መቃብሮችና በዚያ ካረፉ ወታደሮች ጋር የሚያያይዙትን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከጓደኞቻቸው ጋር በዴንቨር ሪቨርሳይድ መካነ መቃብር ዕቃ ለመፈለግ ሊሄዱ ነው። በሙታን መካከል መጫወት ነውር አይሆንም? (አንዲት እናት፣ ከኦሮራ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ጨዋታው በተዘጋጀበት መንገድ ላይ ይመሠረታል። ጂኦካቺንግ የተጀመረው በግንቦት 2000፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግሥት፣ አንድ ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ ዕቃ በመሸሸጉ ነው። ጫካ ውስጥ የሚያስደስተው ፍለጋ፣ ድንጋይ መገልበጥና ሥር መፈተሽ፣ መቃብር ላይ ሲሆን ድፍረት ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው በሐውልት ስንጥቅ ወይም በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ከተሸሸገ፣ ወይም የመካነ መቃብሩ አስተዳደር ሳይፈቅድ ከተቀመጠ፣ ልጆችዎ ባይሄዱ እመርጣለሁ።

ጥሩው አዘገጃጀት ግን ሌላ ነው። አዘጋጁ ተጫዋቹን ወደ አንድ የመቃብር ድንጋይ ይልክና የተጻፈውን እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ተጫዋቹም የሟቹን የሬጅመንት (የጦር ክፍል) ቁጥር፣ ወይም ለምሳሌ ከ1865 ላይ 6ን እና 5ን ወስዶ በጎደለው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ውስጥ ሲያስገባ፣ ዕቃው ከአጥሩ ውጪ በሚገኝ ቦታ ላይ ይውላል። በዚህ ሁኔታ መቃብሩ አጠገብ የሚደረገው ነገር ስም ማንበብ ብቻ ነው፤ ለሙታንም ቢሆን ከመረሳት ስማቸውን የሚያነብ ልጅ ይሻላቸዋል ብዬ አምናለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ያረጁ ሐውልቶች ከሥራቸው የላሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልጆች እንዳይደገፉባቸው አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ነጭ ድንጋዮች ላይ ጋሻ ተቀርጾ አያለሁ። በጦር ሜዳ የወደቁ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ወደ ውስጥ የተቆፈረ ጋሻና በውስጡ ጎልተው የወጡ ፊደላት ያሉበት ድንጋይ፣ መንግሥት ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የሰሜን ወታደሮችና በኋላም በ1898ቱ የስፔን ጦርነት ለተሳተፉ የሰጠው ነው። ኮንግረስ በ1879 ባወጣው ሕግ፣ በግል መካነ መቃብር ያለ ምልክት የተቀበሩ የሰሜን ወታደሮችም ይህ ድንጋይ እንዲቆምላቸው ተፈቀደ። በምዕራቡ ግዛቶች የምናገኛቸው ብዙዎቹ ከጦርነቱ ተርፈው፣ መሬትና ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተሰደው፣ በእርጅና ወይም በበሽታ የሞቱ ሰዎች ናቸው። በድንጋዩ ላይ የኦሃዮ ወይም የአዮዋ ሬጅመንት መጻፉ ሰውዬው ከየት እንደ ዘመተ ይነግርዎታል። ዩ.ኤስ.ሲ.ቲ. የሚል ካገኙ ደግሞ ቆም ይበሉ፤ የሰሜኑ ጦር ለጥቁር ወታደሮች ያቋቋማቸው ክፍሎች ምልክት ነው፤ በጦርነቱም 179,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች አገልግለዋል።

ጥያቄ፦ ሪቨርሳይድ ስሄድ የየትኛውን ወታደር መቃብር ልፈልግ?

መልስ፦ የሻምበል ሲላስ ሶልን ይፈልጉ። ሪቨርሳይድ በ1876 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከባርነት ነፃ ወጥታ ለችግረኞች ደራሽ የነበረችው ክላራ ብራውንና የግዛቲቱ ገዥ የነበረው ጆን ኢቫንስም ያረፉት እዚያው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው ሶል ነው።

ህዳር 29 ቀን 1864 ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ በተባለው ስፍራ ሰፍሮ በነበረው የአሜሪካ ነባር ነዋሪ የሻየንና የአራፓሆ ሕዝብ ላይ ጦሩን አዘመተ። ሰፈሩ በሠራዊቱ ጥበቃ ሥር ያለ መስሎት ነበር። 230 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የአንደኛው የኮሎራዶ ፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ሶል፣ በሥሩ ያሉት ወታደሮች እንዳይተኩሱ አዘዘ፤ ያየውንም ለአለቃው በደብዳቤ ጻፈ፤ በ1865 መጀመሪያም በመርማሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ በቺቪንግተን ላይ መሰከረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 23 ቀን፣ ባገባ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ በዴንቨር ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 26 ነበር። ለግድያው ለፍርድ የቀረበ ሰው አልነበረም።

ዛሬ የሻየንና የአራፓሆ ተወላጆች የሳንድ ክሪክን ሙታን ለማሰብ በየዓመቱ ሲሮጡ፣ የሶል መቃብር ዘንድ ደርሰው ያከብሩታል። ልጆችን በቁጥር ፍለጋ ወደዚህ ድንጋይ የሚመራ ሰው፣ ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ ይህን ታሪክ ሳይነግራቸው ቢያልፍ ቅር ይለኛል። እግረ መንገድዎን አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ከጭፍጨፋው በኋላ ሥልጣኑን እንዲለቅ የተደረገው ኢቫንስና ትእዛዝ አልቀበልም ያለው ሶል የሚገኙት በአንድ አጥር ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ የማይነበብ ድንጋይ ሲያጋጥመኝ በጠመኔ ወይም በመላጫ አረፋ ባደምቀውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። እምነበረድ በመቶ ዓመት ዝናብ የሳሳ ድንጋይ ነው፤ አረፋው ውስጥ ያለው ኬሚካል ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ በረኪናና የሽቦ ብሩሽም ፊቱን ይፍቁታል። ይልቅ መስታወት ይዘው ይሂዱ፤ የፀሐይ ብርሃን ከጎን በኩል ድንጋዩን ታክኮ እንዲያልፍ ሲያደርጉ፣ የጠፉ የመሰሉ ፊደላት በጥላቸው ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ፎቶ ያንሱ። ማጽዳት የግድ ካስፈለገ ከአስተዳደሩ ፈቃድ ጋር ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በወታደር ሐውልት ላይ የተቀመጡ ሳንቲሞች አየሁ። በጂኦካቺንግ አንድ ዕቃ ወስዶ ሌላ መተካት ስለሚፈቀድ፣ ልጄ አንዱን ቢወስድ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ችግር አለው። መውሰድና መተካት የሚፈቀደው ለጨዋታው በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው። ሳንቲሙን ያኖረው መቃብሩን የጎበኘ ዘመድ ወይም የጦር ጓድ ሊሆን ይችላልና እዚያው ይተዉት።