የዲስኩን ታግ ለመጨረሻ አቆየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለማሰልጠኛው 20 ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ልትጭን ነው። በየማሽኑ ቁጭ ብለህ «ኔክስት፣ ኔክስት» እንዳትል የመጫኛውን ጥያቄዎች ቀድሞ የሚመልስልህን፣ ኦቶአንአተንድ የሚባለውን የኤክስኤምኤል ፋይል ልትጽፍ አስበሃል። ታጎቹን፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱን መልስ የሚይዙትን ምልክቶች፣ ከየት ልጀምር ነው ያልከው።

ከየትም ጀምር፣ ከዲስኩ ታግ ግን አትጀምር።

እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ማሰልጠኛ ስጭን «ዊል ዋይፕ ዲስክ» (ዲስኩ ይጥፋ ወይ) የሚለውን ታግ «ትሩ» (አዎ) ብዬ፣ የዲስኩን ቁጥር የሚይዘውን «ዲስክ አይዲ»ን 0 አድርጌ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ማሽን በሰላም አለፈ። አሥራ ሁለተኛው ግን ሁለት ዲስክ ነበረው። 0 የሆነው አዲሱ ኤስኤስዲ አልነበረም፤ የተማሪዎች ውጤት ያለበት አሮጌው ዲስክ ነበር። ፍላሹን ሰክቼ አስነሳሁትና ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ውጤቱ የለም። መዝጋቢዋ እህታችን ከወረቀት ላይ እንደገና ስትጽፍ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ የዲስክ ማዋቀሪያውን ታግ ጭራሽ ተወው። እሱ ከሌለ መጫኛው ቆሞ የትኛው ዲስክ ላይ ልጫን ብሎ ይጠይቅሃል። ግማሽ ደቂቃ ቢወስድብህ ነው። ታጉን የግድ ልጠቀም ካልክ ደግሞ መጫኛው ሲነሳ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫን፣ በሚከፈተው የትእዛዝ መስኮት ዲስክፓርት (የዲስክ ማስተዳደሪያው) ግባ፣ «ሊስት ዲስክ» በልና የእያንዳንዱን መጠን በዓይንህ እይ። ይሄንን ለሁሉም ማሽን አድርገው፤ አንዱን አይቶ ሌላውም እንዲሁ ነው ማለት አይቻልም።

ሌላው ቀላል ነው። የኮምፒውተር ስም ታግ ውስጥ የኮከብ ምልክት ብቻ አድርግ፣ እያንዳንዱ የራሱን ስም ያወጣል። ቋሚ ስም ከጻፍክ ሃያውም አንድ ስም ይዘው ኔትወርክ ላይ ይጋጫሉ። የሰዓት ቀጠናችን «ኢ. አፍሪካ ስታንዳርድ ታይም» ነው፣ ከ«ኢ» ቀጥሎ ያለችውን ነጥብ እንዳትረሳት።

ኤክስኤምኤል ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ የከፈትከውንም ታግ ዝጋ። ዊንዶውስ ሲም በሚባለው ፕሮግራም ብታስፈትሸው እንዲህ ያለውን ስህተት ያወጣልሃል። ዲስክ 0 የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አያውቅልህም።

ፋይሉ ውስጥ የአድሚን ፓስወርድ ካስገባህ ፍላሹን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል። ስትጨርስ ፋይሉን አጥፋው።

መጀመሪያ ባዶ ዲስክ ያለው አንድ ማሽን ላይ ሞክር። እንቢ ካለህ ፓንተር የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የስህተት ሎግ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።